የልጅ ስጦታ የብር ማንኪያ



በሰሜን ሸዋ፣ ለሚ ከተማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ለዚያራ ሄደን ሳለ ቡናው ከአንዲት ትንሽ ማንኪያ ጋር ቀረበልን። በእጀታዋ ጫፍ በበርሊን ከተማ የሚገኘው የብራንደንበርግ በር ተቀርጿል። ባሕር ማዶ ያለው ልጃቸው ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝቶ የላካት ናት። እናት ለእንግዳ ክብር ብለው ከሣጥን አወጧት። ከጀርባዋ ግማሽ ጨረቃ፣ ዘውድና 800 የሚል ቁጥር ታትሞባታል። «ጨረቃ ስላለባት የሙስሊም ዕቃ መስላን ነው» አሉን።

ነገሩ እንዲያ አይደለም። ጨረቃና ዘውዱ ከ1888 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን ሕግ በብር ዕቃ ላይ የሚታተም ምልክት ነው። 800 ማለትም ከ1000 እጅ 800ው ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። በሌሎች አገሮች ማንኪያዎች ላይ 925 የሚል ቁጥርም ይገኛል። እንዲህ ያሉ የከተማ ማስታወሻዎች በአውሮፓና በአሜሪካ የተስፋፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣትን ከልክለዋል፤ ሐዲሡን ሑዘይፋ (ረ.ዐ) አስተላልፈውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ኢማም ነወዊ ማንኪያም በዚሁ ክልከላ ውስጥ እንደሚገባ፣ ወንድም ሴትም በዚህ እኩል እንደሆኑ ጽፈዋል። ሳይጠቀሙበት ማስቀመጡ ላይ ዑለማዎች ቢለያዩም፣ እርሳቸው ይበልጥ ትክክል ያሉት መከልከሉን ነው።

ይህን ስንነግራቸው እናት ዝም አሉ። ቆይተውም «ታዲያ የልጄን ስጦታ ልጣላት?» ሲሉ ጠየቁን።

አትጣልም። ኢማም ነወዊ የብር ዕቃ ሽያጭ የሚጸናው ቀልጦ ለሌላ ጥቅም ሊውል ስለሚችል መሆኑን ገልጸዋል። ለሴት ልጅ የብር ጌጥ ሐላል ነው፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የብር ቀለበት ነበራቸው። ለአገራችን አንጥረኛ ደግሞ ይህ አዲስ ሥራ አይደለም፤ አያቶቻችን ማርያ ቴሬዛን አቅልጠው አምባርና የአንገት ጌጥ ያሠሩ ነበር።

ዘካንም አንርሳ። የብር ኒሷብ 595 ግራም ያህል ነው። አንድ ማርያ ቴሬዛ 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር ስላለው 26ቱ ኒሷቡን ያልፋል። ዓመት ሲሞላው ከ40 አንድ እጅ ይወጣለታል። ለሚለበስ ጌጥ ግን ሐነፊዮች ዘካ አለበት ሲሉ ሻፊዒዮች የለበትም ስለሚሉ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ።

እናት ማንኪያዋን በመሐረባቸው ቋጠሩ። «ቀለበት ትሁንልኝ፤ ከሣጥን ይልቅ ከጣቴ ላይ ስትሆን ልጄን አስበዋለሁ» አሉ። ሁለተኛውን ቡና በተራው ማንኪያ አማስለን ጠጣን።

ወላሁ አዕለም።