ስለ ምርቃትና ስለ ትሑት አገልግሎት

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ሾላ ገበያ የሚባል ቦታ አለ። ሾላ የዛፍ ስም ነው። ቅርንጫፉ ሰፊ፣ ጥላው ቀዝቃዛ ነው፤ ፍሬውም በለስ ይመስላል። በኢትዮጵያ ብዙ ገበያና ብዙ ሸንጎ በእንደዚህ ያለ ዛፍ ጥላ ሥር ይደረግ ነበር። ስለዚህ በሾላ የሚጠራ ገበያ አንድ ብቻ አይደለም፤ በሰሜን ሸዋም ሾላ ገበያ የምትባል ከተማ አለች።

ይህ ዛፍ በወንጌልም ተጽፎ ይገኛል። ዘኬዎስ የሚባል የቀራጮች አለቃ በኢያሪኮ ነበረ። ቁመቱ አጭር ስለ ሆነ፣ ጌታ ኢየሱስ በዚያ ሲያልፍ ለማየት ከሾላ ዛፍ ላይ ወጣ። ጌታም አይቶ ጠራው፤ ወደ ቤቱም ገባ። በዚያን ቀን ዘኬዎስ ከሀብቱ ግማሹን ለድሆች ሊሰጥ፣ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ። ሰውየው የገንዘብ ሰው ስለ ነበረ ንስሓውም በገንዘብ ታየ።

በሾላ ገበያ እህልና በርበሬ፣ ሽንኩርትና ድንች፣ ቅመምና ልብስ ይሸጣል። ነጋዴ የሚባለው ባለ ሱቅ ብቻ አይደለም፤ ጆንያ መሬት ላይ ዘርግታ፣ ሽንኩርቷን በመደብ በመደብ ከፍላ የምታስቀምጥ ሴትም ነጋዴ ናት። ገዢው ሂሳቡን ከከፈለ በኋላ፣ «እባክሽ እናቴ፣ መርቂልኝ» ይላታል። እርስዋም አንድ ራስ ሽንኩርት አንሥታ ትጨምርለታለች። ይህ ጭማሪ ምርቃት ይባላል። ደግሞ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ፣ «እደግ፣ ተመንደግ» እያለ ልጅን ሲባርክ፣ ያም ምርቃት ይባላል። በአማርኛ ለሁለቱ ነገር ቃሉ አንድ ነው።

ልክ አሟልቶ መስፈር ግዴታ ነው፤ ያጎደለ ሰው ይከሰሳል፣ ይቀጣልም። ምርቃትን ግን ዳኛ አያዝዘውም፤ ከሻጩ ፈቃድ ይመጣል። ነገር ግን ሚዛኑን በጣቱ ተጭኖ አጉድሎ፣ ኋላ አንድ ሽንኩርት የሚመርቅ ነጋዴ ሌብነቱን ማስጌጡ ነው። አስቀድሞ ልኩ ይሞላ፤ ምርቃቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዘብ የማያስወጣ ምርቃትም አለ። ተሸካሚ ጆንያ ሊሸከም ሲል ጐንበስ ይላል፤ ሁለት ሰዎችም ከጀርባው ላይ ያሳርፉለታል። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ በአጠገቡ ያለው ሰው፣ «አይዞህ፣ ወንድሜ» ይለዋል። በዚህ ቃል ጆንያው አልቀለለም። ተሸካሚው ግን ድካሙን የሚያይለት ሰው እንዳለ ስለ ዐወቀ ቀና ብሎ ይራመዳል። ማጽናናት የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ አልፎ፣ «ቈይ፣ እኔም በአንድ በኩል ልያዝልህ» የሚል ሰው ቢገኝ፣ ማጽናናቱ አገልግሎት ሆነ ማለት ነው።

አገልግሎት ምን ያህል ዝቅ ሊል እንደሚችል ጌታ ኢየሱስ በሥራ አሳይቷል። በጥንት ዘመን መንገደኛው በአቧራ ሲሄድ ይውል ስለ ነበረ፣ ወደ ቤት ሲገባ እግሩን ይታጠብ ነበር። በኢትዮጵያም ለእንግዳ ውሃ አሙቆ እግሩን ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። ጌታም ለሞት አልፎ በተሰጠባት ሌሊት ከማዕድ ተነሣ፤ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆም የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ጴጥሮስ መምህሩ ከእግሩ ሥር ሲንበረከክ አይቶ እንቢ አለ፤ ኋላ ግን ታዘዘ። አሳልፎ የሚሰጠው ይሁዳም ከታጠቡት አንዱ ነበረ። ይህን በማሰብ እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ።

እንዲህ ያለውን አገልግሎት በገበያ ሥራ፣ በቆሎና በአምባሻ፣ ከፈጸሙት ሰዎች አንዲቱ ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው።

ወይዘሮ አበበች በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በፍቼ አገር ተወለዱ። ዘመኑ የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን የወረረበት ነበረ፤ አባታቸውም ልጃቸው ገና አራስ ሳሉ በጦርነቱ ሞቱ። ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው። ገና በሕፃንነታቸውም ሳይወዱ ለባል ተዳሩ። እርሳቸው ግን ከዚያ አምልጠው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በከተማው ጥቂት ትምህርት ተማሩ፤ አድገውም ቡናና እህል በሚያዘጋጅ ድርጅት ጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ሠሩ። ትዳርም ይዘው፣ ቤትና ደመወዝ ያላቸው ሰው ሆኑ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። ግሸን በወሎ የሚገኝ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው፤ ብዙ ምእመናን በየዓመቱ ወደዚያ ይጓዛሉ። በዚያ ዓመት በአገሩ ረኃብ ጸንቶ ነበር። ወይዘሮ አበበች በመንገድ ዳር የወደቁ ሰዎችን አገኙ፤ በእጃቸው የነበረውንም ዳቦና ጠበል አካፈሏቸው። የያዙት ጥቂት ስለ ነበረ ወዲያው አለቀ። ከወደቁትም መካከል እናቱ ሞታ ሳለች ከአጠገብዋ ያልተለየ ሕፃን አዩ።

ይህን የመሰለ ነገር ያየ ሰው ብዙ ነው። አልቅሶ፣ ጸልዮ፣ ወደ ቤቱ የተመለሰም ብዙ ነው፤ እርሱን ክፉ ሰው ማለት አይገባም። ወይዘሮ አበበች ግን ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሌሎችንም ጨመሩ፤ አንድ ዓመት ሳይሞላም በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ሆኑ።

መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባላቸውና ዘመዶቻቸው ነገሩን አልወደዱትም። አንድ ቤት 21 ሕፃናት ድንገት ሲገቡበት የሚጠበው ክፍሉ ብቻ አይደለምና፣ የእነርሱ ቁጣ ለማስተዋል የሚያስቸግር አልነበረም። ወይዘሮ አበበች ከትዳራቸውና ከልጆቹ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው። ልጆቹንም ይዘው ወጡ። የተጠጉበትም ቤት ለሰው የተሠራ አልነበረም፤ አሮጌ የዶሮ ቤት ነበረ።

እንግዲህ 21 ልጆች በየቀኑ መብላት አለባቸው። ወይዘሮ አበበች ቆሎ እየቆሉ፣ አምባሻ እየጋገሩ መሸጥ ጀመሩ። ቆሎ ለመሥራት ገብሱ ይለቀማል፣ ይፈተጋል፤ ከዚያም በምጣድ ይቆላል። ቆይዋ እጅዋን ካሳረፈች ያርራል፤ ያረረውንም የሚገዛ የለም። የሚሸጠው በትንሽ መስፈሪያ ነው። የእህሉና የማገዶው ዋጋ ሲነሣለት የሚተርፈው ትርፍ ጥቂት ነው፤ በዚያ ጥቂት ትርፍ የልጆቹ እራት ይገዛል። በማግስቱም ገብሱ እንደ ገና ይለቀማል።

ብዙ ሰው ኀዘን ሲያገኘው፣ ብርታት እስኪመጣለት ድረስ ሥራውን ያቆያል። የተራቡ ልጆች ባሉበት ቤት ግን እንዲህ ያለ ጊዜ አይገኝም። እሳቱ ይነድዳል፣ ምጣዱ ይጣዳል፤ ብርታቱም ሰው ሥራውን ከያዘ በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ዘግይቶ ይመጣል። በልጆች ፊት ላይ ያለው የጥጋብ ምልክት አንዱ ምንጩ ነው። ምናልባትም ቆሎውን ገዝታ፣ «አይዞሽ» ብላ ያለፈች ሴት ሌላዋ ምንጭ ናት፤ እንደዚህ ያለውን ሰው ስም መዝግቦ የሚያቆይ የለም።

ያ የዶሮ ቤት ኋላ በስማቸው የሚጠራ የሕፃናት ማሳደጊያና የልማት ማኅበር ሆነ። ማኅበሩ ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ማሳደግ ብቻ አልበቃውም፤ ልጆችን አስተማረ፣ ድሆች ሴቶችም በእጃቸው ሥራ ገቢ እንዲያገኙ ረዳ። ብዙዎች ወይዘሮ አበበችን «የኢትዮጵያ እናት ቴሬዛ» ይሏቸው ነበር። እናት ቴሬዛ በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ ድሆችንና በሞት አፋፍ ያሉትን ያገለገሉ መነኵሲት ናቸው፤ በ1979 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። ማመሳሰሉ ለክብር ነው። ነገር ግን ወይዘሮ አበበች የሞቀ ቤት ነበራቸው፤ የከፈሉትም እርሱን ነው።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ታመው በአዲስ አበባ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 85 ዓመት ነበረ። በዚያ ጊዜ ካሳደጓቸው ልጆች ብዙዎቹ ራሳቸው አባትና እናት ሆነው ነበር።