ከውኃ የሚነሣ አውሮፕላን፦ የከርባል መሐንዲሶች ፈተና

አየር ላይ ምንም የማይወጣለት አውሮፕላን ባሕር ላይ ባረፈ በቅጽበት አፍንጫውን ደፍቶ ሊገለበጥ ይችላል። «ከርባል ስፔስ ፕሮግራም» በተባለው የኮምፒውተር ጌም የባሕር አውሮፕላን ለመሥራት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

ጌሙን የሠራው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የነበረው ስኳድ የተባለ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ ቀረበ፤ ሙሉ እትሙ በ2015 ወጣ። ተጫዋቹ ታንክ፣ ክንፍና ሞተር እየመረጠ ይገጣጥማል፤ ከዚያ በኋላ ዳኛው ፊዚክስ ነው።

አውሮፕላኑ በሚገጣጠምበት ሃንጋር ውስጥ ሦስት ምልክቶችን ማየት ይቻላል። ቢጫው የክብደቱን ማዕከል፣ ሰማያዊው ክንፎቹ የሚያነሡበትን፣ ሐምራዊው ሞተሩ የሚገፋበትን ነጥብ ያሳያል። ለአየር የሚያስፈልገው ደንብ አጭር ነው፦ ሰማያዊው ከቢጫው ጥቂት ወደ ኋላ ይሁን። ያን ጊዜ አፍንጫው ያለ ልክ ሽቅብ ሲል ከኋላ ያለው ኃይል መልሶ ያቃናዋል። ሰማያዊው ወደ ፊት ካለፈ አውሮፕላኑ መገልበጥ ይወዳል፤ እጅግ ወደ ኋላ ከራቀ ደግሞ አፍንጫው ከማኮብኮቢያው አልነሣም ይላል።

ውኃ ግን አራተኛ ነጥብ ይጨምራል፤ ለዚህኛው ሃንጋሩ ምልክት የለውም። ውኃው አውሮፕላኑን ሽቅብ የሚገፋበት ማዕከል ነው። በኖቬምበር 2015 የወጣው 1.0.5 እትም የተንሳፋፊነትን ስሌት እንደገና ስለሠራው፣ ነዳጅ የሞላ ታንክ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ባዶው ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ይህ ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል ጋር በአንድ ቋሚ መስመር ካልዋለ አውሮፕላኑ ወይ ጅራቱን ወይ አፍንጫውን ይነክራል። ነዳጁ ባለቀ ቁጥር ደግሞ ቢጫው ቦታውን ይለውጣል። ስለዚህ ታንኮቹን በቢጫው ዙሪያ ማሰባሰብ፣ ቀጥሎም እዚያው ሃንጋር ውስጥ ነዳጁን እየቀነሱ ቢጫው የት እንደሚሄድ ማየት ትልቅ ድካም ያድናል።

ወደ ጎን መንጋደዱስ? እዚህ ላይ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ፈረንሳዊው ኦንሪ ፋብር ማርች 28 ቀን 1910 (እ.ኤ.አ.) ማርቲግ ከተማ አጠገብ በሞተር ኃይል ከውኃ ሲነሣ አውሮፕላኑ የቆመው በሦስት ተንሳፋፊዎች ላይ ነበር። የጀርመኑ ዶርኒየር ቫል በ1922 ከአካሉ ግራና ቀኝ አጫጭር ክንፍ መሰል መደገፊያዎችን ዘረጋ። የአሜሪካው ካታሊና ደግሞ ሲበር ወደ ላይ ታጥፈው የክንፉ ጫፍ የሚሆኑ ትናንሽ ተንሳፋፊዎች ነበሩት። ጌሙ የተዘጋጀ ተንሳፋፊ ስለማይሰጥ ተጫዋቾች ባዶ ታንክ ወይም ባዶ የአካል ክፍል ያስራሉ። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊዎችን አራርቆ ማድረግ ነው። አየሩን መቃወማቸው ፍጥነት ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን የሚገባ ነው።

እጅግ ተንኮለኛው ጉዳይ የሞተሩ ከፍታ ነው። ሞተሩ ውኃ እንዳይነካው ብዙ ሰው ከክንፉ በላይ ያስቀምጠዋል፤ ካታሊናም ሁለቱን ሞተሮቹን የተሸከመው ከአካሉ በላይ ከፍ ብሎ በተሠራ ክንፍ ነው። ነገር ግን ከቢጫው በላይ የሚገፋ ሞተር አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋል። ተንሳፋፊዎቹም ከታች በውኃው ሲጎተቱ ያንኑ ያደርጋሉ። ሁለቱ በተደመሩበት ሰዓት፣ ለመነሣት ሙሉ ኃይል በተሰጠበት ሰዓት ማለት ነው፣ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ይተከላል። መድኃኒቱ ተንሳፋፊዎቹን ከቢጫው ፊት አርቆ ማስረዘም፣ ግፊቱ በቢጫው አቅራቢያ እንዲያልፍ ሞተሩን ጥቂት ማዘንበል፣ ክንፉንም ከአካሉ ትንሽ ሽቅብ አድርጎ መግጠም ነው። የክንፉ ሽቅብ ማለት በተለይ ይጠቅማል፤ አፍንጫው ሳይነሣ ክንፉ ራሱ ክብደቱን ከውኃው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ልፋት መድረሻ አለው። በጌሙ ዓለም ጁል የተባለችውን ግዙፍ ፕላኔት የምትዞረው ጨረቃ ሌይት አብዛኛው ገጿ ውቅያኖስ ነው። ከመነሻዋ ፕላኔት ከከርቢን ሌላ ጄት ሞተር የሚተነፍሰው ኦክስጅን ያላት እሷ ብቻ ናት። ስበቷ የከርቢን 0.8 ያህል፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል 0.6 ያህል ነው። ክብደቱ ቢቀንስም አየሩ ከዚያ በላይ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሣትም ለማረፍም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ በከርቢን ባሕር ላይ ለጥቂት የተረፈ ተንሳፋፊ እዚያ ሊሰበር ይችላል። ተጫዋቹ የሚነሣበት የከርቢን የጠፈር ማዕከል በባሕር ዳርቻ መሆኑ ለሙከራ ተመችቷል፦ አውሮፕላኑ ጎማ ተገጥሞለት ከማኮብኮቢያው ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ መጀመሪያ በሙሉ ታንክ፣ ቀጥሎ ነዳጁ ሊያልቅ ሲቃረብ።