ብርጭቆን ፎቶ ማንሳት

በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ጎልቶ የታየው የአበባ ማስቀመጫው ሳይሆን የእኛው ፊት ነበር። ማስቀመጫው ከናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በስተደቡብ፣ ኪቴንጌላ፣ ከተሰባበረ የመስኮት መስታወት ቀልጦ በእጅ የተሠራ ነው፤ አፉ ዙሪያውን ሰማያዊ ነው። አንዲት የተማሪ እናት ለዓመት መጽሐፋችን ብለው አዋሱን። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ ፍላሹን አብርተን አነሣነው። የወጣው ግን አንድ ትልቅ ነጭ ነጸብራቅና ካሜራ ከበው የቆሙ አራት ተማሪዎች ነበሩ።

ደብተር ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ ወደ ዓይናችን ስለሚመጣ ከፊት ብናበራበት በደንብ ይታያል። መስታወት ግን አብዛኛውን ብርሃን ያሳልፈዋል፤ የሚመልሰው ጥቂቱ ደግሞ የፊት ለፊቱን ነገር መልክ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ መብራቱ ከኋላ መምጣት አለበት። አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ገብታችሁ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያያችሁ ወላጆች ይህን ታውቃላችሁ፤ ቀለሙ የሚደምቀው የውጭው ብርሃን በመስታወቱ አልፎ ሲገባ ነው።

ፍላሹን አጥፍተን መስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ ወጠርን። (ጥለቱ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ እንጂ ከነጠላ የተሻለ ብርሃን ማለስለሻ አላገኘንም።) ማስቀመጫውን ከነጠላው አንድ ሜትር ያህል አራቅነው፤ ሲጠጋ የፈትሉ መስመር ሁሉ ይወጣል። ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ እየመሰለው ምስሉን ያጨልማል፤ ስለዚህ የብርሃን ማካካሻውን +1 ላይ አደረግን። አይኤስኦ 100፣ ካሜራው በትራይፖድ ላይ፣ ጣታችን እንዳያነቃንቀው የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ።

አሁን ደግሞ ጎንና ጎኑ ጠፋ፤ ነጭ ከነጭ ተቀላቀለ። ከግራና ከቀኝ፣ ከፎቶው ክልል ትንሽ ወጣ አድርገን ጥቁር ካርቶን ስናቆም፣ ዳሩ በቀጭን ጥቁር መስመር ተሣለ።

ውስጡ ያሉት የአየር አረፋዎች የታዩን ያን ጊዜ ነው። ግማሾቻችን በኮምፒውተር እናጥፋቸው አልን። ሌሎቹ፣ የጣት አሻራና አቧራ የእኛ ጥፋት ነው፣ በጥጥ ጨርቅ ይጠረግ፤ አረፋው ግን ከምድጃው አብሮት የመጣ ነው፣ ይቆይ አሉ። ብዙ ተከራክረን ተውናቸው።

ማስቀመጫውን ስንመልስ በደንብ ሳንጠቀልለው ካርቶን ውስጥ ከተትነውና መንገድ ላይ ተሰበረ። እናትዮዋ አልተቆጡንም። የጠየቁን ፎቶው በትልቁ ታትሞ እንዲሰጣቸው ብቻ ነው። ስንወስድላቸው መነጽራቸውን አድርገው አረፋዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ሰባት ናቸው።