የ15 ዩሮ ትኬት እና የ55 ዩሮ ቼክ ኢን፦ ርካሽ አየር መንገዶች ለምን ትርፍ ያስከፍላሉ?

ሮም ትማራላችሁ፤ ብራስልስ ያለች እህታችሁን ልትጠይቁ ነው እንበል። ስልካችሁን ከፍታችሁ ስትፈልጉ 15 ዩሮ የሚል ትኬት ታገኛላችሁ። ደስ ብሏችሁ መግዛት ስትጀምሩ ግን ጥያቄው ይከተላል፦ ሻንጣ ትይዛላችሁ? መቀመጫ ትመርጣላችሁ? ቀድማችሁ መሳፈር ትፈልጋላችሁ? ሁሉም ዋጋ አለው። ይህን ሁሉ «አልፈልግም» ብላችሁ አልፋችሁም፣ በስልክ ቼክ ኢን ሳታደርጉ ኤርፖርት ብትደርሱ፣ የአየርላንዱ ራያንኤር 55 ዩሮ ያስከፍላችኋል። ከትኬቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ታዲያ ይሄ ገንዘብ ለምን ይጠየቃል? መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የምህንድስና ስሌት ነው፤ ሌላው የዋጋ አወጣጥ ዘዴ ነው። ሁለቱን መለየት ከቻላችሁ የትኛውን ክፍያ ማምለጥ እንደምትችሉም ታውቃላችሁ።

መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ገቢ የለውም

ነገሩ የጀመረው አሜሪካ ውስጥ ነው። ሳውዝዌስት የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ውስጥ በረራ ጀመረ። በ1972 ገንዘብ አጥሮት ከአራቱ አውሮፕላኖቹ አንዱን መሸጥ ግድ ሆነበት። የበረራ ፕሮግራሙን ግን መቀነስ አልፈለገም። የአራት አውሮፕላን ሥራ በሦስት እንዴት ይሠራል? አንድ አውሮፕላን ካረፈ በኋላ ተሳፋሪ አውርዶ፣ ሌላ ጭኖ እንደገና የሚነሳበትን ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ አወረዱት። ራያንኤርም ከዚህ ኩባንያ ተምሮ ዛሬ የሚሠራው በ25 ደቂቃ አካባቢ ነው።

የደቂቃዎቹን ትርጉም እናስላው። አንድ አውሮፕላን በቀን 16 ሰዓት ማለትም 960 ደቂቃ ይሠራል እንበል። እያንዳንዱ በረራ 90 ደቂቃ ይፈጃል። በመሀል 60 ደቂቃ መሬት ላይ የሚቆም ከሆነ በቀን 6 በረራ ብቻ ይሠራል፤ ሰባተኛው ቀኑን ያልፋል። የሚቆመው 25 ደቂቃ ከሆነ ግን 8 በረራ ይሠራል። አውሮፕላኑ 189 መቀመጫ ያለው ቦይንግ 737-800 ቢሆን፣ በተመሳሳይ አውሮፕላን በቀን 378 ተጨማሪ መቀመጫ ይሸጣል ማለት ነው። የትኬቱ ርካሽነት ዋናው ምንጭ ይሄ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምታዩዋቸውን ደንቦች በሙሉ በአንድ ጥያቄ መዝኗቸው፦ ይህ ነገር አውሮፕላኑን ያቆየዋል ወይስ አያቆየውም?

ሻንጣው ስንት ነዳጅ ይበላል?

ብዙ ሰው «ሻንጣ የሚያስከፍሉት ክብደቱ ነዳጅ ስለሚበላ ነው» ይላል። እስቲ እንፈትነው። በአቪዬሽን የሚሠራበት አንድ የግምት ደንብ አለ፦ በተጨመረው ክብደት ምክንያት በየሰዓቱ የሚቃጠለው ተጨማሪ ነዳጅ ከዚያው ክብደት ከ3 እስከ 4 በመቶ ይሆናል። 20 ኪሎ ሻንጣ ለ2 ሰዓት ቢበር፣ 20 × 0.04 × 2 = 1.6 ኪሎ ነዳጅ ይሆናል። የአውሮፕላን ነዳጅ አንድ ሊትሩ 0.8 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን ያ 2 ሊትር ገደማ ነው። ለሻንጣው የምትከፍሉት ደግሞ የ2 ሊትር ነዳጅ ዋጋን ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ዋናው ነገር ነዳጁ አይደለም። የሚቀበለው ካውንተር፣ የሚወስደው ቀበቶ፣ የሚጭኑትና የሚያወርዱት ሠራተኞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጊዜው ነው። ራያንኤር እ.ኤ.አ. በ2006 በሻንጣ ላይ ክፍያ ሲጀምር ሰዉ ያለ ሻንጣ እንዲጓዝ ማድረግ እንደሚፈልግ በግልጽ ተናግሯል። ክፍያው ገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ ሳይሆን የሰውን ባህርይ መቀየሪያም ነበር።

ሰዉም ተቀየረ። ሻንጣውን ትቶ ሁሉንም ነገር በእጅ ቦርሳ ጠቅጥቆ መምጣት ጀመረ። መጨናነቁ ከታች ካለው የጭነት ክፍል ወደ ላይ ወጣ፤ ከመቀመጫ በላይ ያለው መደርደሪያ ለ189 ሰው ትልልቅ ቦርሳ አይበቃም። የተረፈውን በር ላይ ተቀብሎ ወደ ታች ማውረድ ደግሞ በረራ ያዘገያል። ምህንድስና የተማረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፦ አንዱን ጠባብ ቦታ ስታሰፉ ቀጣዩ ጠባብ ቦታ ብቅ ይላል። ከኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራያንኤር በነፃ የሚፈቅደው ከወንበር ሥር የሚገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ሆነ። አሁን መጠኑ 40 × 30 × 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 24 ሊትር ማለት ነው። ክፍያ ያለበት የመደርደሪያ ቦርሳ ደግሞ 55 × 40 × 20 ሲሆን 44 ሊትር ይይዛል። ትንሹ ብቻ ተፈቅዶላችሁ ትልቁን ይዛችሁ በር ላይ ከተገኛችሁ እስከ 75 ዩሮ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

ቼክ ኢን ለምን ወደ ስልካችሁ መጣ?

ቼክ ኢን ለአየር መንገዱ ጥቂት ጥያቄዎችን ይመልስለታል፦ ከገዙት ሰዎች ውስጥ በእርግጥ የሚመጣው ማን ነው? ሰነዱ ምንድን ነው? የት ይቀመጣል? የመጨረሻው ጥያቄ የፊዚክስም ጉዳይ ነው። አውሮፕላን ሚዛኑን ጠብቆ መነሳት ስላለበት ከፊትና ከኋላ ስንት ሰው እንደተቀመጠ ከመነሳቱ በፊት ይሰላል።

ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ካውንተር ላይ ያለ ሠራተኛ ነበር። ዛሬ ስማችሁንና የፓስፖርት ቁጥራችሁን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ያለ ደመወዝ! ኩባንያው የካውንተር ኪራይና የሠራተኛ ወጪ ይቀንሳል። ራያንኤር መቀመጫ ላልገዛ ሰው ኦንላይን ቼክ ኢን የሚከፍተው ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ሲሆን፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል። ከኅዳር 12 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወረቀት ቦርዲንግ ፓስ ቀርቶ በስልክ መተግበሪያው ላይ ሆኗል።

55 ዩሮ ታዲያ የምን ዋጋ ነው? ወረቀት አትሞ መስጠት ይህን ያህል አይፈጅም። ይሄ ዋጋ ሳይሆን ቅጣት ነው። ሁሉም ሰው ደንቡን ቢጠብቅ ኩባንያው ከዚህ ክፍያ የሚያገኘው ዜሮ ነው፤ ትርፉ ካውንተሩን መዝጋቱ ላይ ነው።

ችግሩ ግን ቅጣቱ የሚያርፈው ብዙ ወጪ ባስወጣ ሰው ላይ ሳይሆን ደንቡን ባላወቀ ሰው ላይ መሆኑ ነው። ልጆቿን ለመጠየቅ የምትጓዝ፣ ኢሜይል የማትከፍት፣ መተግበሪያው የሚጽፍበትን ቋንቋ የማታነብ እናት አስቡ። ስማርት ስልክ ያለው ወጣት በሁለት ደቂቃ የሚያመልጠውን ክፍያ እሷ ትከፍላለች። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ተጓዥ ካለ ቼክ ኢኑን የምታደርጉላት እናንተ ብትሆኑ ይሻላል።

ሌላም አለ። የኢትዮጵያ ወይም ሌላ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ በራያንኤር ደንብ መሠረት ኦንላይን ቼክ ኢን ካደረገ በኋላም ከፍተሻው በፊት ሰነዱን በሰነድ ማረጋገጫ ካውንተር ማሳየት አለበት። ምክንያቱም ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ድንበር ያሻገረ አየር መንገድ ራሱ ሊቀጣ ይችላል። «ቼክ ኢን ጨርሻለሁ» ብላችሁ በቀጥታ ወደ በሩ ብትሄዱ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ለዚህ ሰልፍ ጊዜ ያዙ።

ዋጋን መቆራረስ

እስካሁን ያየነው ስለ ጊዜ ነበር። መቀመጫ መምረጥ ግን አውሮፕላኑን አንድ ደቂቃ እንኳ አያፈጥነውም። ታዲያ ለምን ይሸጣል? እዚህ ጋ ሁለተኛው ክፍል ይገባል፦ ዋጋን መቆራረስ። መጀመሪያ ትንሹን ቁጥር ታያላችሁ፤ ልባችሁ ጉዞውን ከወሰነ በኋላ ቀሪው አንድ በአንድ ይጨመራል። በዚያ ሰዓት ትቶ መውጣት ይከብዳል።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። እስከ መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. በነበረው የሒሳብ ዓመት ራያንኤር 200 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ አጓጉዞ ወደ 13.95 ቢሊዮን ዩሮ ገቢ አግኝቷል። ከዚህ ውስጥ 4.72 ቢሊዮኑ ከትኬት ውጭ የመጣ ነው። ከሦስት ዩሮ አንዷ፣ በሰው ሲካፈል ደግሞ ወደ 24 ዩሮ ገደማ መሆኑ ነው።

ሕግም ዝም አላለም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1008/2008 የማይቀር ክፍያ ሁሉ ከመጀመሪያው በሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲካተት ያዛል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2014 በሰጠው ውሳኔ፣ መጠኑና ክብደቱ ምክንያታዊ የሆነ የእጅ ቦርሳ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠየቅበት እንደማይገባ ገልጿል። በ2020 ደግሞ ነፃ አማራጭ ከሌለ የቼክ ኢን ክፍያ ከመጀመሪያው መታየት እንዳለበት ወሰነ። ራያንኤር ኤርፖርት ላይ 55 ዩሮ ማስከፈል የሚችለው በስልክ ያለው ነፃ ስለሆነ ነው። «ምክንያታዊ መጠን» ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ግን ክርክሩ አላበቃም። ስፔን በኅዳር 2024 በእጅ ቦርሳና መሰል ክፍያዎች ምክንያት አምስት አየር መንገዶችን በድምሩ 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች፤ ኩባንያዎቹም ቅጣቱን ተቃውመው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ትኬቱን ብቻ አታወዳድሩ። ይህን ደምሩ፦

ጠቅላላ ዋጋ = ትኬት + ቦርሳ + መቀመጫ + ኤርፖርት ድረስ የሚወስድ ትራንስፖርት

የመጨረሻውን አትርሱት። ራያንኤር «ብራስልስ» ብሎ ከሚያወርዳችሁ ቦታዎች አንዱ ሻርለሯ ነው፤ ከከተማዋ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከዚያ ቦርሳችሁን በሜትር ለኩ፤ ጎማና እጀታውም ይቆጠራል። ቼክ ኢን የሚከፈትበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ። ቦርሳ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ትኬቱን ስትገዙ አብራችሁ ግዙ፤ በር ላይ ከሁሉም ይወደዳል።

ይህን ድምር ሠርታችሁ ሻንጣ ከሚያካትት መደበኛ አየር መንገድ ጋር አስተያዩት። ለሁለት ቀን በትንሽ ቦርሳ ለሚሄድ ሰው ርካሹ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ሁለት ሻንጣ ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ግን ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። ለቀጣዩ ጉዟችሁ ሞክሩትና ልዩነቱ ስንት እንደመጣ እዩ።