ከሲኒየር አጠገብ፦ ስለ ነርሶች ሜንተርሺፕ ተረትና እውነታ

አዲስ የተመረቀ ነርስ ዳባት ወይም ጃናሞራ ሲመደብ፣ አብሮት የሚቆም ሲኒየር ማግኘቱ እንደ ዕድል ይቆጠራል። ይህን ለዕድል መተው ታካሚውንም ለዕድል መተው ነው።

ተረት፦ በጥሩ ነጥብ የተመረቀ ሲኒየር አያስፈልገውም።
እውነታ፦ አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ምሁር ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የነርስ ብቃት ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በ5 ደረጃ እንደሚያድግ አስረድታለች። ደረጃውን የሚያሻግረው ታካሚ አጠገብ የሚገኝ ልምድ ነው። በሕፃናት ክፍል ዓመታት የሠራች ነርስ እንኳ ማዋለጃ ክፍል ስትዛወር እንደገና ጀማሪ ትሆናለች።

ተረት፦ ካልተቆጡት አይማርም።
እውነታ፦ ቁጣ ጀማሪን ዝም ያሰኛል። ለምሳሌ ለኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከእርግዝና ጋር ለሚመጣ መንቀጥቀጥ፣ የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት ከመጠን ካለፈ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገር ይታያል፦ የእናቲቱ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 እንዳላነሰ፣ ጉልበቷ መታ ሲደረግ እግሯ እንደሚነሣ፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳልወረደ። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም እዚያው መዘጋጀት አለበት። ጀማሪዋ የጉልበቱን ምላሽ ከተጠራጠረች «ሲስተር፣ እስኪ ይዩልኝ» ማለት ይኖርባታል። ስድብ የለመደች ጀማሪ ግን ዝም ትላለች፤ ዋጋውን የምትከፍለው እናቲቱ ናት። ጥሩ ሲኒየር ስሕተትን ወዲያው ያርማል፣ ታካሚ ፊት ግን አያዋርድም።

ተረት፦ ሜንተርና ሱፐርቫይዘር አንድ ናቸው።
እውነታ፦ ሱፐርቫይዘር ቼክሊስት ይዞ መጥቶ ጉድለቱን መዝግቦ ይመለሳል። ሜንተር መጀመሪያ ሠርቶ ያሳያል፣ ቀጥሎ አብሮ ይሠራል፣ በመጨረሻ አጠገብ ቆሞ ያሠራል። ማርክ የሚሰጠውም የሚመክረውም አንድ ሰው ከሆነ፣ ተማሪው ያላወቀውን ለመጠየቅ ይፈራል።

ተረት፦ ሜንተርሺፕ የትልቅ ሆስፒታል ነገር ነው።
እውነታ፦ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ ኮሚዩኒቲ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ያሠለጠነው ለገጠር ጤና ጣቢያ ነው፤ በቡድን እየላከም እዚያው ያለማምዳቸው ነበር። ከሰሜን ተራራ ሥር ያለ ጤና ጣቢያ፣ ሲኒየር ባይኖረው እንኳ፣ ደባርቅ ሆስፒታል ካለ ልምድ ያለው ነርስ ጋር በስልክ ሊመካከር ይችላል፤ የታካሚ ስም እስካልተጠራ ድረስ።

በጎ ፈቃድ ብቻውን ግን አይዘልቅም። የሺፍት ፕሮግራም ሲወጣ ጀማሪና ሲኒየር አብረው ይመደቡ፤ የሲኒየሩ የታካሚ ቁጥር ይቀነስለት፤ ማስተማሩም በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ይያዝለት። ሦስቱንም ማድረግ በኃላፊው እጅ ነው።