ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዝተዋል? ብሩ ከፍሬኑ ይጀምር

ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ግቢ ሲያስገባ የመጀመሪያው ወሬ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ድምፁና ስለ ዋጋው ነው። ቤተሰቡ ወጥቶ ያየዋል፣ ትንሿ ልጅ ተነሥታ ትቀመጥበታለች፣ ጎረቤት «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። በሳምንቱ ደግሞ የማሻሻል ነገር ይነሣል። መብራቱ ይቀየር፣ ማርሚታው ይለወጥ፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ይልበስ ይባላል። ይህን ጽሑፍ ያንን ብር ከማውጣትዎ በፊት ቢያነቡት ደስ ይለናል።

በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የሞተር ሳይክል ነገር በፈቃድ የተያዘ ነው። በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በጅማና በሌሎች ከተሞች ግን ሞተር የብዙ ቤተሰብ መጓጓዣ ነው፤ ሥራ ያደርሳል፣ ገበያ ይወስዳል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይመልሳል። ገበያ ላይ የሚገኘው ያገለገለ ሞተርም በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከመሥሪያ ቤቶችና ከእርዳታ ድርጅቶች በጨረታ የሚወጣው ያማሃ ኤጂ ወይም ዲቲ ሲሆን፣ ገጠር ለገጠር ሲመላለስ የኖረ ጠንካራ ነገር ነው። ሁለተኛው ከግለሰብ እጅ የሚገዛው የሕንድ ሥሪት ባጃጅ ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ አፓቼ ነው። ሁለቱም ጥሩ ሞተር ይወጣቸዋል። ሁለቱም ሲገዙ ግን ፍሬናቸው አዲስ አይደለም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይርቃል። ነጂው ከፊቱ የገባ ልጅ ወይም ድንገት የቆመ ባጃጅ አይቶ እጁ ፍሬኑን እስኪጨብጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ያ 11 ሜትር ማንም የማይመልሰው ነው። የቀረው የፍሬኑ ጉዳይ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ የፊቱም የኋላውም ፍሬን ደህና ከሆነና ነጂው ሁለቱንም ከተጠቀመ ሞተሩ ዘጠኝ ሜትር አካባቢ ላይ ሊቆም ይችላል። የኋላውን ብቻ ለሚረግጥ ሰው ግን ርቀቱ እጥፍ ይሆናል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። ሞተር ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀልላል፤ ስለዚህ አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው በፊተኛው ጎማ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ የፊት ፍሬን ስሙ ጠፍቷል። «ይገለብጣል» ይባላል፤ ብዙ ሞተረኛም ጨርሶ አይነካውም። እውነት ነው፣ በአሸዋ ላይ ወይም መሪው በተጠመዘዘበት ሰዓት በድንገት የጨበጠው ሰው ይወድቃል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቀስ በቀስ እየጠበቀ ለሚጨብጠው ግን ከእሱ የተሻለ ወዳጅ የለም። ሳይነካ የኖረ የፊት ፍሬን የሚያመጣው ሌላም ጣጣ አለ፤ ሽቦው ዝጎ፣ መዘውሩ ደርቆ ይገኛል። ያገለገለ ሞተር ሲገዙ የኋላው ሸራ አልቆ የፊተኛው እንዳለ ካገኙት የቀድሞው ባለቤት እንዴት ይነዳ እንደነበር ገባዎት ማለት ነው።

ያማሃ ኤጂ በሁለቱም ጎማ መካኒኮች ታምቡር የሚሉት ፍሬን ነው ያለው፤ ውስጡ ሁለት ሸራዎች ተከፍተው የጎማውን እምብርት ከውስጥ ይይዛሉ። እዚህ ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ርካሹ ሥራ ነው። የፍሬኑ ሽቦ ይቀየር። ሸራዎቹን የሚከፍተው መዘውር ወጥቶ ይጽዳ፣ ቀጭን ግራሶ ይቀባ፤ ግራሶው ሸራውን እንዳይነካ። ሸራው እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በብርጭቆ ወረቀት ይሻካር፤ ዘይት ከጠጣ ግን ምንም አያድነውም፣ ይጣል። ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ሲያዝ ሽቦውና ክንዱ የሚሠሩት ማዕዘን ቀጥተኛውን፣ ማለትም 90 ዲግሪውን ካለፈ ሸራው ያለቀ ወይም ክንዱ በተሳሳተ ጥርስ የታሰረ ነውና መካኒኩን ይጠይቁት። የሸራውን ብናኝ በአፍ እፍ ማለት ይቅር፤ በአሮጌ ሸራ ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

አፓቼ ላይ እንዳለው ያለ የዲስክ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የመፍያው ልክ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየያዙ ሲወርዱ ይሞቃል፣ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፤ ያኔ እጀታው ያለ ምንም ግፊት እስከ መሪው ይገባል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው። ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት የሻይ መልክ ካመጣ ሁለት ዓመትም አይጠብቁ። የሞተር ዘይት የጨመረበት ሰው ካጋጠመዎት ውስጡ ያለው ጎማ ሁሉ ተበላሽቷልና ሙሉ በሙሉ ይፈታ። ፓዱ ከሁለት ሚሊ ሜትር ካነሰ ይለወጥ፤ ዲስኩም ላይ ከዚህ በታች አይቅጠን የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፣ በመለኪያ ይታይ። ያረጀው የጎማ ቱቦ በሽቦ በተጎነጎነ ቢተካ እጀታው ጠንከር ይላል፤ ከተጨማሪ ወጪዎች ሁሉ እኔ የምደግፈው ይህን ነው።

ታምቡሩን አውጥቶ ዲስክ መግጠም ብዙ ወጣት የሚመኘው ነገር ነው። አልመክርም። ፊተኛው ሹካ፣ ጎማው፣ ፓምፑ ሁሉ እርስ በርሱ የሚስማማ ሆኖ ከአንድ ሞተር ካልመጣ በስተቀር፣ መያዣው ሰፈር ውስጥ ተበይዶ የሚገጠም ፍሬን በጣም የሚያስፈልግበት ቀን ሊገነጠል ይችላል።

ወደ ሾኩ እንሂድ። ፍሬን ጥሩ የሚሆነው ጎማው መሬት ላይ ሲቆይ ነው፤ ጎማውን መሬት ላይ የሚያቆየው ደግሞ ሾክ ነው። የፊት ፍሬኑን ይዘው መሪውን ወደ ታች በኃይል ይጫኑና ይልቀቁት። አንድ ጊዜ ተመልሶ ከቆመ ደህና ነው፤ እንደ አልጋ ሞላ ከተወዛወዘ ውስጡ ያለው ዘይት አልቋል ወይም ውኃ ሆኗል። የሹካው ብረት ላይ የዘይት እርጥበት ካዩ ፓራኦሊዮው አልቋል፤ ያ ዘይት ወርዶ ፍሬኑን ያበላሻል። ሁለቱም ጎን አንድ ላይ ይለወጥ፣ ዘይቱም በሁለቱም እኩል ይለካ። ብዙ ጊዜ ሰው ጭነው የሚሄዱ ከሆነ ወፈር ያለ ዘይት ይረዳል። ብረቱ በዝገት ከተበሳሳ ግን አዲሱን ፓራኦሊዮ በሳምንታት ውስጥ ይቆርጠዋል፤ ሹካውን ሳያድሱ ጎማውን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

የኋላው ሾክ ላይ ሞላውን የሚያጠብቅ ቀለበት አለ። ለብቻ ሲነዱ አንድ ደረጃ፣ ባለቤትዎን ጭነው ሲሄዱ ከፍ ያለ ደረጃ፣ ግራና ቀኙ ሁልጊዜ እኩል። ነጂው ሲቀመጥበት ሾኩ ካለው እንቅስቃሴ ከአራት አንዱን እስከ ሦስት አንዱን ያህል ቢወርድ ልክ ነው። የመሪው ኩሽኔታና የኋላው ክንድ ቡሽም በዚያው ይታዩ፤ እነሱ ከላሉ አዲስ ሾክ ቢገጥሙም ሞተሩ መዋኘቱን አያቆምም።

ኤንጂኑን ስለ ማስተካከል ሲነሣ እኛ ያለንበት ከፍታ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በፋብሪካው ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለጥቂት አየር ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ዳገት ላይ ይልፈሰፈሳል። መድኃኒቱ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ ያለውን ናስ በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለ መተካት ነው፤ ቀዳዳውን በሽቦ የሚያሰፋ መካኒክ ካዩ ያስቁሙት። ካንዴላው ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ሲሆን ልኩን አግኝቷል። ግን ይህንኑ ሞተር ይዞ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ናሱን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። አለዚያ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ኤንጂኑ ይግላል፤ እንደ ዲቲ ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስተኑ ሊጣበቅና ጎማው በጉዞ ላይ ሊቆለፍ ይችላል።

ከካርቡራተሩ በፊት ግን ፊልትሮው ይታጠብ፣ ባልቦላው ይለካ፣ ሚኒሞው ይስተካከል። ለዳገት ጉልበት የሚፈልግ ሰው የፊተኛውን ባለ 15 ጥርስ በ14 ቢለውጠው ሰባት በመቶ ያህል የመሳብ ኃይል ያገኛል፤ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ማርሚታውን መቁረጥ ድምፅ ይጨምራል። ጉልበት አይጨምርም፤ ጎረቤት ያለችውን አራስ ግን ይቀሰቅሳል።

ዕቃውን ከሶማሌ ተራም ያስመጡት ከሰፈር ሱቅ፣ መካኒኩ የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልስልዎ አስቀድመው ይንገሩት። አዲሱ በእውነት መግባቱን የሚያውቁት በዚህ ነው። ሞተሩ ሲመለስ ባዶና ደረቅ መንገድ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄዱ መጀመሪያ የኋላውን፣ ቀጥሎ የፊተኛውን፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ይሞክሯቸው፤ ወደ አንድ ጎን ይጎትት እንደሆነ ያኔ ይታያል። አዲስ ሸራ ወይም ፓድ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በሙሉ ኃይሉ አይይዝም፣ ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ልጅ አይጫንበት። ከሳምንት በኋላ ሽቦው ስለሚረግብ ብሎኖቹም ስለሚላሉ ለማጥበቂያ አንድ ጊዜ ወደ ጋራዡ ይመልሱት።