ከጂንካ ገበያ የሚወጣ ካርድ

በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች ፖስት ካርድ የሚያገላብጥ ሰው ደቡብ ኦሞን ሳያይ አይመለስም። ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገች የሙርሲ ሴት፣ ገላውን በነጭ አፈር ያዥጎረጎረ የካሮ ወጣት፣ ጸጉሯን በቀይ አፈርና በቅቤ ያሳመረች የሐመር ልጃገረድ በየመደርደሪያው አሉ። ፎቶውን የሚያነሣውም፣ የሚያሳትመውም፣ የሚሸጠውም አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ነው። የአካባቢው ሰው በካርዱ ላይ ይታያል እንጂ ካርድ ሠሪ ሆኖ እምብዛም አይታወቅም። ይህ ሊለወጥ የሚገባው ነገር ነው፤ ለመለወጥ ደግሞ ከወረቀቱ በቀር የሚያስፈልገው ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያው አካባቢ፣ ጂንካ ከተማ ገበያ ውስጥ ይገኛል።

በእጅ የተሠራ የመልካም ምኞት ካርድ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ጳጉሜን ስትገባ ወንዶች ልጆች ወረቀትና ቀለም ይዘው ይቀመጣሉ። አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ወፍ፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ ይሥላሉ። ሴቶቹ አበባዮሽ ሲሉ ወንዶቹ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሥዕላቸውን ቤት ለቤት እያደሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ እያሉ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይቀበላሉ። የአንዱ ልጅ መልአክ ከሌላው ልጅ መልአክ አይመሳሰልም፤ የሥዕሉ ውበትም እዚያ ላይ ነው።

በውጭው ዓለም የታተመ ካርድ የተጀመረው ሥራ ለማቅለል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው የገና ደብዳቤ ለየወዳጁ መጻፍ ቢበዛበት፣ ሠዓሊውን ጆን ሆርስሊን አሥሎ ካርድ አሳተመ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ካርድ ወደ ልጅ እጅ ተመለሰ። የመጀመሪያው የዩኒሴፍ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ከቼኮዝሎቫኪያዊቷ የሰባት ዓመት ልጅ ከይትካ ሳምኮቫ ሥዕል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ስላልነበረ ልጅቷ የሣለችው በመስታወት ላይ ነበር። ባገኙት ነገር መሥራት ማለት ይኸው ነው።

ደቡብ ኦሞም ባገኙት ነገር ማጌጥን አሳምሮ ያውቃል። በኦሞራቴ አካባቢ የሚኖሩ የዳሰነች ሴቶች የጠርሙስ ቆርኪ ሰብስበው፣ ቀድደውና አያይዘው ራስ ላይ የሚደፋ ጌጥ ይሠራሉ። የተጣለ የሰዓት ማሰሪያ ሳይቀር ይገባበታል። ሌላው ሰው ረግጦት የሚያልፈውን ቆሻሻ እነሱ በቀለም በቀለሙ ይደረድሩታል፤ ቀዩ ከቢጫው፣ ቢጫው ከአረንጓዴው ተጎራብቶ ክብ በክብ ላይ ይደጋገማል። ቆርኪው ራሱ ለካርድ ይወፍራል። አደራደሩ ግን ከብስኩትና ከሳሙና መጠቅለያ በተቆረጡ ትንንሽ ክቦች በወረቀት ላይ መምጣት ይችላል።

ጂንካ ቅዳሜ ትደምቃለች። ዲመካ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ቱርሚ ሰኞ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ ይገበያያሉ። በነዚህ ገበያዎች ጨሌ በክር ተሰክቶ፣ ዛጎል፣ ቀይ አፈር፣ ንድፍ የተቀረጸበት ቅልና ቆዳ ይሸጣል። ከአሪ ደጋ የእንሰት ቃጫና ቡና ይወርዳል። ቅል ጎባጣ ስለሆነ ወረቀት ላይ አይለጠፍም፤ ንድፉን በእርሳስ መገልበጥ ይሻላል። ቃጫው ግን ለካርድ የተፈጠረ ይመስላል፤ ተበጥሮና ተጎንጉኖ ለአበባ ግንድ፣ ለጎጆ ክዳን፣ ለካርዱ ማሰሪያም ይሆናል። የደረቀ የሙዝ ወይም የኮባ ቅጠል በመጽሐፍ መሐል ተቀምጦ ጠፍጣፋ ሲሆን ከነጣ ያለ ቡኒ እስከ ጥቁር ቡኒ ድረስ የራሱ ቀለም አለው።

ሥራው የሚጀምረው ከእጥፉ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ሲታጠፍ በተለመደው ትንሽ ፖስታ ውስጥ የሚገባ ካርድ ይወጣዋል። ጠንካራ ወረቀት ዝም ብሎ ከታጠፈ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ማስመሪያ ተደግፎ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩ ላይ ጫን ብሎ መሳብና ከዚያ ማጠፍ ነው። ወረቀት በአንድ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው በኩል ይግደረደራል፤ ከመቁረጡ በፊት በሁለቱም በኩል ለመጉበጥ ቀለል የሚለውን መፈተን ብዙ ወረቀት ያተርፋል።

ቀለሙንም ከገበያው ማውጣት ይቻላል። ቀይ አፈር ተወቅጦ በነጠላ ጨርቅ ይነፋል፤ ዱቄቱ በውኃ ብቻ ከተቀባ ሲደርቅ በጣት ላይ ይለቃል። ጥቂት ነጭ የአናጢ ኮላ ሲገባበት ግን ይይዛል። የአሪ ሴቶች የቤታቸውን ግድግዳ በአፈር ቀለም የሚያሳምሩበትን ንድፍ ያየ ሰው፣ ሁለት ሦስት የአፈር ዓይነት ምን ያህል መልክ እንደሚያወጣ ያውቃል። በሐመርና በጎረቤቶቹ ዘንድ በቅል የሚጠጣው የቡና ገለባም አለ፤ ወፍራም ተፈልቶ ሲቀዘቅዝ ነጩን ወረቀት ለስለስ ወዳለ ቡኒ ይቀይረዋል።

ብዙ ሰው ካርዱን የሚያበላሸው ጨሌ ላይ ነው። በኮላ ብቻ የተለጠፈ ጨሌ ጥቂት ቀን ይቆይና ይራገፋል። መስፋት ይሻላል። ጨሌዎቹ አስቀድመው ተደርድረው ቦታቸው በእርሳስ ነጥብ ይያዛል፣ ከሥር የታጠፈ ፎጣ ይነጠፋል፣ ቀዳዳው በመርፌ ይበሳል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ክሩ ይገባል። ቀዳዳዎቹ ከተቀራረቡ ወረቀቱ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተቀዶ ይቀራል። ቋጠሮው በውስጥ በኩል ይታሰርና ንጹሕ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ያኔ መጻፊያው ገጽ የተስተካከለ ይሆናል። ኮላ ሲበዛ ወረቀት ይጨማደዳል፤ ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ጨሌ የሌለበትን ክፍል በከባድ መጽሐፍ ሥር ማሳደር ነው። አምስት ጨሌ በደንብ የተቀመጠበት ካርድ ሃምሳ ከታጨቀበት ይበልጣል።

አንድ ጥብቅ ነገር አለ። አሮጌ የአንገት ጌጥ ፈትቶ ለካርድ ማዋል አይገባም። በደቡብ ኦሞ ጌጥ ዕድሜን፣ ማግባትን፣ ቤተሰብን ይናገራል፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድም ነው። ለካርድ የሚሆነው ከገበያ የተገዛ አዲስ ጨሌ ነው። የተጎነጎነ ቃጫ ወይም የተቀረጸ ቅል ንድፍ ከሠሪዋ ሲወሰድም ዋጋዋን መክፈል፣ በካርዱ ጀርባ ስሟንና ቀበሌዋን መጻፍ ይገባል። ፎቶ ስትነሣ ለመልኳ ሲከፈላት የኖረች ሴት ለሥራዋ ቢከፈላት ትልቅ ለውጥ ነው።

የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ካርዱን ሊገዛ የሚችል ጎብኚ አልጠፋም። ጂንካ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም የአካባቢውን ሕዝቦች ዕቃና ጌጥ ሰብስቦ ስለሚያሳይ፣ ካርድ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ንድፍ የሚቀስምበት ጥሩ ቦታ ነው። የመሸጫ ወቅቱም አንድ ብቻ አይደለም። እንቁጣጣሽ አለ፣ ገና አለ፤ ከመስከረም በኋላ ደግሞ የአሪ ብሔረሰብ ዘመን መለወጫ ዲሽታ ግና ይመጣል። ድምፃዊው ታሪኩ ጋንካሲ በዚሁ ስም በሚጠራው ዘፈኑ በዓሉን መላው አገር እንዲሰማው አድርጓል። ለዚያ በዓል የሚሆን፣ ምኞቱ በአሪኛም በአማርኛም የተጻፈበት ካርድ ከመሐል አገር ማተሚያ ቤት ተጭኖ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ካርዱ በፖስታ የሚላክ ከሆነ ጨሌው በማኅተም ሥር እንዳይደቅቅ ቴምብሩ ከሚለጠፍበት ጥግ መራቅ አለበት፤ ከፊቱም ስስ ካርቶን ይደረጋል። በእጅ ለሚሰጥ ካርድ ደግሞ ፖስታም አያስፈልግም፤ ከዚያው ከቃጫው የተጎነጎነ ማሰሪያ ይበቃዋል።